ረጅም ጊዜ ለሚቦካ ሊጥ ደኅና ዕቃ ስለ መምረጥ

በጋምቤላ ክልል ላሉ የዞን፥ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ቈላ ምድር ላይ የተሠራች ናት። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚያ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠበቅ ቡሖ በጋምቤላ ሙቀት ፈጥኖ ይነሣል፥ ፈጥኖም ይኮመጥጣል። ይህን ጋጋሪዎች ሁሉ ከልማድ ያውቁታል። ነገር ግን የኮመጠጠ ሊጥ ካደረበት ዕቃ ውስጥ ምን ስቦ እንደሚወጣ፥ ያም ነገር ከእንጀራና ከዳቦ ጋራ ተበልቶ ከልጆች ሰውነት እንደሚደርስ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ነገር የማጀት ሥራ ነው ተብሎ ለቤት እመቤቶች ብቻ የሚተው አይደለም። ዕቃው ወደ ማጀት የሚገባው ከገበያ፥ ከጋራዥ፥ ከመጋዘን፥ አንዳንድ ጊዜም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ነው። ስለዚህ ሹሙ ነገሩን አስቀድሞ ዐውቆ ለሕዝቡ እንዲያስረዳ፥ በእጁ ያለውንም ሥራ እንዲሠራ ከዚህ በታች በየተራው ተጽፏል።

1ኛ፤ ስለ ሊጥ መኮምጠጥ

በጋምቤላ ክልል አኝዋ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ የተባሉት ሕዝቦች ከደጋ ከመጡት ወገኖቻቸው ጋራ ይኖራሉ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፥ የእንፋሎት መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከካርቱም እየመጡ ሸቀጥ ያራግፉ፥ ቡናም ይጭኑ ነበር። እንዲህ ያለ የንግድ መገናኛ በሆነ አገር ምግቡም ዕቃውም ልዩ ልዩ መሆኑ የታወቀ ነው። ከጤፍ፥ ከማሽላና ከበቆሎ ዱቄት የሚጋገር እንጀራ አለ፤ በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ የሚበስል የስንዴ ድፎ ዳቦ አለ፤ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን የታወቀ፥ ኪስራ የተባለ፥ ከማሽላ ሊጥ በብረት ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ የሚጋገር ደግሞ አለ። የሦስቱም ጠባይ አንድ ነው፤ ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ ወይም ተበጥብጦ፥ እርሾ ተጨምሮበት ያድራል።

በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። እነዚህ የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ከፊሉን ሊጡን ወደሚያነሣ አየር፥ ከፊሉንም በእርጎ ውስጥ እንደሚገኘው ወዳለ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል። ሊቃውንት ኮምጣጣነትን ከ0 እስከ 14 በሚቈጠር መለኪያ ይለካሉ፤ ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ይቆማል፤ ቍጥሩ እያነሰ በሄደ መጠን ኮምጣጣነቱ እየበረታ ይሄዳል። በሚገባ የቦካ የእንጀራ ቡሖ ወደ 4 ይወርዳል፥ ከዚያም በታች ሊደርስ ይችላል። ይህ ለእንጀራው መልካም ነው፤ ጣዕም ይሰጠዋል፥ ምግብ የሚያበላሹትንም ሕያዋን ይከለክላል። ነገር ግን ሎሚ የናስን ዝገት እንደሚያጠራ፥ ኮምጣጣ ሊጥም ከሚነካው ብረት ጥቂት በጥቂት ያሟሟል።

ከዚህ የሚገኘው ዋና ትምህርት ይህ ነው። እንጀራ በምጣድ ላይ የሚቈየው 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ ድፎ ዳቦም አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ሊጡ ግን በቡሓቃው ውስጥ 24፥ 48፥ አንዳንድ ጊዜም 72 ሰዓት ያድራል። ሰው ሁሉ ምጣድ ሲገዛ ይጠነቀቃል፥ ለማቡኪያው ግን ያገኘውን ዕቃ ያነሣል። አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሊጡ የሚያድርበት ዕቃ ነው።

2ኛ፤ ሊጥ ስለሚያድርበት ዕቃ

ሀ) ሸክላ። የአኝዋና የመዠንግር ሴቶች ሸክላ መሥራትን ከጥንት ጀምረው የሚያውቁት ነው። በሌላ አገር እንደ መስተዋት የሚያበራ ቅብ የተቀባ ሸክላ ይሸጣል፤ በቅቡ ውስጥ እርሳስ ካለበትና በሚገባ ካልተተኰሰ፥ ኮምጣጣ ምግብ እርሳሱን ያወጣዋል። የአገራችን ሸክላ ግን እንዲህ ያለ ቅብ የለውም፤ በድንጋይ ተፈግፍጎ፥ በእሳት ተተኵሶ፥ በኋላም በቤት ውስጥ የሚሟሽ ነው። ስለዚህ ለኮምጣጣ ሊጥ የታመነ ዕቃ ነው። ዳግመኛም ለቈላ አገር የሚስማማ ሌላ ጥቅም አለው። ያልተቀባ ሸክላ ከውጭው ጥቂት ውሃ ያልባል፤ ያም ውሃ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በበጋው ሙቀት ሊጥ ከልኩ በላይ እንዳይኮመጥጥ ከፈለገች፥ ጋጋሪዋ ቡሓቃውን ከጥላ ሥር በእርጥብ አሸዋ ላይ ታስቀምጠው፥ በእርጥብ ጨርቅም ትሸፍነው። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥበት ስለሚበዛበት ሸክላ ሻጋታ ይይዛል፤ ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ሲገኝ በፀሐይ፥ ሳይገኝ በምድጃ አጠገብ ይድረቅ።

ለ) ቅል። በሚገባ የተፈለፈለና የታጠነ ቅል ለእርሾ ማኖሪያ መልካም ነው። መራራ የሆነ ቅል ግን ምሬቱ ፈጽሞ ሳይለቅ አይያዝበት።

ሐ) ጠርሙስ፥ የማይዝግ ብረትና ኢናሜል። የመስተዋት ዕቃ ኮምጣጣ አይነካውም፤ ለእርሾ የሚሻል ነው፤ ነገር ግን አየሩ መውጫ እንዲያገኝ ክዳኑ አይጥበቅ። የማይዝግ ብረት ለትልልቅ ማእድ ቤት፥ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል የሚስማማ ነው። ኢናሜል የተቀባ ብረትም ቅቡ ሙሉ እስከ ሆነ ድረስ ይበጃል፤ ቅቡ ከውስጥ ከተላጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ለሊጥ መሆኑ ይቅር።

መ) ፕላስቲክ። ባልዲውና ሳፋው ለምግብ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ሊጥ ሊያድርበት ይችላል። የምግብ ዘይት የመጣበት ጀሪካንም በሚገባ ከታጠበ ነውር የለበትም። ቀለም፥ ነዳጅ፥ የሞተር ዘይት ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን ቢታጠብም አይሆንም፤ ምክንያቱም ፕላስቲክ የተቀመጠበትን ነገር ወደ ውስጡ ይመጣል፥ በኋላም ቀስ እያለ ይመልሳል።

3ኛ፤ ስለሚጋገርበት ዕቃ

የሸክላ ምጣድ ለእንጀራም ለድፎ ዳቦም ከሁሉ የታመነ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ወይም በኑግ በሚገባ ይሟሽ። የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ወይም በቀለም መለጠፍ አይገባም። በኤሌክትሪክ በሚሠራ ምጣድ ላይም ሸክላው ተሰንጥቆ የሚግለው ሽቦ ከታየ፥ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ሊይዛት ስለሚችል ሳይጠገን አይሠራበት።

የኪስራ ምጣድ ብረት ነው። ብረት ሊጥ ቢያድርበት ይዝጋል፥ ሊጡንም ያጠቍረዋል፥ ጣዕሙንም ይለውጠዋል፤ ለደቂቃ ሲጋገርበት ግን ጕዳት የለውም። ስለዚህ ለመጋገሪያ እንጂ ለማቡኪያ አይሁን። ብረቱ ቀለምና ሌላ ቅብ የሌለበት ንጹሕ ብረት መሆኑ ይረጋገጥ።

ድፎ ዳቦ በቅጠል መሸፈኑ ለሽታና ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ሊጡ የዕቃውን ግድግዳ እንዳይነካ ይከለክላል። የዳቦ መጋገሪያ ቅርጽ ከፋብሪካ የወጣ ተራ አሉሚንዮም በሆነ ጊዜ፥ ሊጡ በሌላ ዕቃ አድሮ፥ ቅርጹ በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ተነጥፎበት ወዲያው ቢጋገር ይበቃል። በተከታታይ ሲሰጥ የሚውለው የእርዳታ ዘይት ጣሳም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በተከፈቱት የኩሌ፥ የቲየርኪዲ፥ የጀዊና የንጉኒየል የስደተኞች መጠለያዎች ዳቦ መጋገሪያ ሲሆን፥ የውጭ ቀለሙ በእሳት እንዳይቃጠል ተፍቆ፥ ውስጡም በቅጠል ተሸፍኖ ይሁን፤ ሊጥ ግን አይደርበት።

እንዳያጣብቅ ቅብ የተቀባ መጥበሻ፥ በተለምዶ ቴፍሎን የሚባለው፥ በልክ ሙቀት ይሠራል። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ግን ቅቡ እየተበላሸ ክፉ ጪስ ያወጣል። ስለዚህ ባዶውን በሚነድ እንጨት ላይ አይጣድ፤ ቅቡ የተፋቀውም ይጣል።

4ኛ፤ ፈጽሞ ስለማይገቡ ዕቃዎች

የመጀመሪያው የተባይና የአረም መድኃኒት የመጣበት ዕቃ ነው። ጠንካራና ክዳን ያለው ስለ ሆነ ሰው ይወደዋል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እንኳ ለምግብም ለመጠጥ ውሃም አይሆንም። ይህ እንደ ሌሎቹ ቀስ ብሎ የሚያደክም ሳይሆን፥ ቤተ ሰቡን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጠፋ የሚችል ነው።

ሁለተኛው ዚንክ የተቀባ ቈርቈሮና ባልዲ ነው። የቤት ክዳን ትርፍ ቈርቈሮ ታጥፎ የዳቦ ቅርጽ ሲሆን ወይም በእሱ የተሠራ ባልዲ ቡሓቃ ሲሆን፥ ኮምጣጣው ሊጥ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ የበላውም ሰው ሆዱን ይቈርጠዋል፥ ያስመልሰዋል። ውስጡ በቆርቆሮ ያልተለበጠ መዳብና ናስም እንዲሁ ያደርጋል።

ሦስተኛው ከጥራጊ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የተፈሰሰ የአሉሚንዮም ድስት ነው። ቀላጩ የመኪና ሞተር ቍራጭ፥ የተሰበረ ድስትና የኤሌክትሪክ ዕቃ በአንድነት ያቀልጣል፤ በውስጡም እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ በ10 አገሮች የተገዙ 42 እንደዚህ ያሉ ማብሰያዎች እንደ ሆምጣጤ በኮመጠጠ ውሃ ተቀቅለው በተመረመሩ ጊዜ፥ ሢሶ ያህሉ ለጤና የሚያሠጋ እርሳስ አውጥተዋል። እንግዲህ ሊጥ ሁለት ሌሊት የሚያድርበት ድስት ከዚህ ወገን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እርሳስ በዓይን አይታይም፥ አይሸትም፥ ጣዕምም የለውም፤ በማፍላትም አይጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት ለእርሳስ ጕዳት የማያደርስ መጠን እንዳልተገኘለት አስታውቋል። ጕዳቱ በልጆች ላይ ይበረታል፤ አእምሮአቸውን ያደክማል፥ ትምህርት እንዳይቀበሉ ያደርጋል፥ ደማቸውንም ያሳንሳል። በእናቲቱ አጥንት ተቀምጦ ስታረግዝ ወደ ፅንሱ ያልፋል። አንድ ጊዜ በልጅ አእምሮ ላይ የደረሰውን ጕዳት መመለስ አይቻልም። ጥቂት ብር ለማትረፍ እንዲህ ያለውን ድስት ለቡሖ የምትገዛ እናት፥ የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ትሆናለች።

በዚሁ ምክንያት የመኪና ባትሪ ወይም ለአሣ መረብ ክብደት የሚሆን እርሳስ የቀለጠበት ማናቸውም ዕቃ ወደ ማእድ ቤት አይመለስ። ነዳጅ የመጣበት በርሜል ተሰንጥቆ የሚሠራው ምጣድና ገንዳም ለሊጥ አይሆንም።

5ኛ፤ ዕቃን ስለ መፈተን

የእርሳስ ነገር ያለ መመርመሪያ መሣሪያ በርግጥ አይታወቅም። ቢሆንም በየገበያው ዕቃ የሚመለከት ሰው ከዚህ በታች ባሉት ምልክቶች ሊረዳ ይችላል።

ሀ) የሠሪው ፋብሪካ ምልክት የሌለበት፥ ወፍራም፥ በውጭው የአሸዋ ቅንጣት መልክ ያለው፥ ሲታሽ በጨርቅ ላይ ግራጫ ጥላሸት የሚተው የአሉሚንዮም ድስት ቀልጦ እንደ ተሠራ ይጠርጠር።

ለ) ቈርቈሮው በላዩ የበረዶ አበባ የመሰለ ግራጫ ዝንጕርጕር መልክ ቢኖረው ዚንክ ተቀብቷል።

ሐ) ሸክላውን በጣት አንኳኩቶ መስማት ነው፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸው ደኅና ተተኵሷል፥ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ተሰንጥቋል ወይም አልበሰለም። ከዚያም ውሃ ሞልቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው፤ ላብ ማላቡ ደኅና ነው፥ ማንጠባጠቡ ግን ስንጥቅ አለበት ማለት ነው።

መ) የፕላስቲኩን ዕቃ ክፍቱን በፀሐይ አቍሞ ከዚያ በኋላ ማሽተት ነው። የቀለም፥ የነዳጅ ወይም የመድኃኒት ሽታ ቢሰጥ ይወገድ። ሽታ ማጣቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት ያልታወቀ ዕቃ ለሊጥ አይያዝ።

6ኛ፤ ስለ ሹማምንት ተግባር

የግብርና ጽሕፈት ቤት ሹም የመጀመሪያ ሥራው የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃ መጠበቅ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 የወጣው ሰውና እንስሳ ከዚህ ጕዳት እንዲጠበቁ ነው። ዕቃው ባዶ በሆነ ጊዜ ገበሬው ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው ይመልሰው፥ በዚያው ማሳ ላይም ይርጨው፤ በባሮ፥ በአልዌሮ፥ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ውስጥ አይድፋው። ከዚያ በኋላ ዕቃው ውሃ መያዝ እንዳይችል በብዙ ቦታ ተበስቶ በቍጥር ወደ መጋዘን ይመለስ። ለገበሬው 10 ጠርሙስ የሰጠ መጋዘን 10 ባዶ ጠርሙስ መቀበሉ በመዝገብ ይታይ። የተበሳ ዕቃ ለሊጥ የሚፈልገው ሰው የለም።

ሁለተኛው ሥራ የገበያው ነው። የወረዳው የንግድና የጤና ሹማምንት ድስት ቀላጮቹን ጠርተው ባትሪ፥ የተቀባ ብረትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ከማቅለጫው እንዲለዩ ያስረዱአቸው፤ ሻጮቹም ይህን ድስት ለማቡኪያ ይሆናል ብለው እንዳይሸጡ ያስጠንቅቁ። ነገር ግን የድኻ ሴት አንዲት ድስት በግድ ቀምቶ በምትኩ ምንም አለመስጠት አይገባም፤ እንዲህ ከተደረገ ሊጧን በባሰ ዕቃ ታሳድራለችና። ድስቱ ለእህል መስፈሪያ እንዲሆን፥ ሊጡ ግን በሸክላ እንዲያድር መምከር የሚሻል ነው።

ሦስተኛው ሥራ ሸክላ ሠሪዎቹን ማገዝ ነው። ምክር ብቻውን ዕቃ አይሆንም። ቀበሌው የሸክላ አፈር የሚገኝበትን ስፍራ ከጋራዥ ዘይትና ከቈሻሻ መጣያ ቢጠብቅላቸው፥ በገበያም ጥላ ያለው ቦታ ቢሰጣቸው፥ ደኅናው ዕቃ በርካሽ ይገኛል፤ ሠሪዎቹም በእጃቸው ሥራ ይጠቀማሉ። ለትምህርት ቤት ምገባ ዕቃ የሚገዛ ሹም ደግሞ ለማቡኪያ የማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ብሎ በግዢው ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ «ትልቅ ድስት» ተብሎ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ነጋዴው የሚያቀርበው የረከሰውን ነው።

አራተኛው ሥራ ትምህርቱን በየቋንቋው ማዳረስ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች በአኝዋኛ፥ በኑዌርኛ፥ በመዠንግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ለሴቶች ጉባኤ ያስረዱ፤ በመጠለያዎቹም ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጋራ ተነጋግሮ ይሠራ። ስብከቱ እንዳይረዝም ሦስት ቃል ይበቃል፤ «ሊጥሽ በምን ዕቃ አደረ? ዕቃው ቀድሞ ምን ነበረበት? ውስጡስ ተልጧል ወይስ ሙሉ ነው?»

ከሁሉ በፊት ግን ዝናቡ ገብቶ የመድኃኒቱ ርጭት ሳይጀመር፥ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በመጋዘኑ ያለውን ባዶ ዕቃ ያስቈጥር፥ ያስበሳም። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ሚስማርና መዶሻ፥ መዝገብና የታመነ ሠራተኛ ብቻ ነው።